ለዓሳ መኖ የሚጨመር ፕሮባዮቲክ እንዴት ይመረጥ? ለጅማና አካባቢዋ አርቢዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

በጅማ ዙሪያ ኩሬ ቆፍረው ቆሮሶ የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ዓሳው ጭንቀትን እንዲቋቋም ያደርጋል ተብሎ የሚሸጠው ዱቄት ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል ወይ፣ የሚገባ ከሆነስ ከባክቴሪያው፣ ከእርሾውና ቤት ውስጥ ከሚዘጋጀው የትኛው ይሻላል የሚል ነው። መልሱ ያለው በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ተስፋ ላይ ሳይሆን ማሸጊያው ከተከፈተ በኋላ በሚሆነው ነገር ላይ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጠሯቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 በሰጡት ትርጓሜ መሠረት ፕሮባዮቲክ ማለት በበቂ መጠን ሲሰጥ ለተቀባዩ ጤና የሚጠቅም ሕያው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። «ሕያው» እና «በበቂ መጠን» የሚሉትን ልብ ብሎ ገበያ የወጣ አርቢ ከምርጫው ግማሹን ጨርሷል ማለት ይቻላል።

ዓሳ ሲጨነቅ ምን ይሆናል?

ከሰበታ የዓሳ ጫጩት ጭኖ ወደ ጅማ የመጣ ሰው ጭንቀት ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቷል። ጫጩቶቹ ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ ውስጥ ታሽገው ጉዞ ይጀምራሉ፤ መኪናው ወልቂጤን አልፎ ወደ ግቤ በረሃ ሲወርድ የላስቲኩ ውሃ ይሞቃል፣ ወደ ሳኮሩ ሲወጣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። በአሰንዳቦና በሰርቦ በኩል ጅማ ሲደረስ ውሃው በዓሳው ኩስ ደፍርሷል፤ የጫጩቶቹ ቀለም ጠቁሯል፤ ሁሉም ወደ ላይ ተሰብስበው የስንጥባቸውን ክዳን በፍጥነት ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በዚያ ቀን የሚሞቱት ጥቂቶች ሊሆኑ ይችላሉ። አርቢውን የሚያደኸየው ግን ብዙውን ጊዜ ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ «ደህና ገብተው ነበር» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ሞት ነው።

ምክንያቱ በዓሳው አካል ውስጥ ነው። አንጎል አደጋን ሲያውቅ በኩላሊቱ የፊተኛው ክፍል የሚገኙ ሕዋሳት ኮርቲሶል የተባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃሉ፤ በደም ውስጥ ያለው ስኳርም ከፍ ይላል፣ ዓሳውም ለማምለጥ የሚሆን ጉልበት ያገኛል። ይህ ለአጭር ጊዜ ሲሆን ሕይወት አድን ነው። ለቀናት ሲቆይ ግን የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የአንጀትን ግድግዳ ያሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። በዚህ ጊዜ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላን የመሰሉ፣ በየኩሬው ውሃ ውስጥ ሁልጊዜ የሚኖሩና ጤነኛውን ዓሳ እምብዛም የማይጎዱ ባክቴሪያዎች በር ተከፍቶላቸው ይገባሉ፤ በቆዳ ላይ የሚታየው ቀይ ቁስልና የተበላ ክንፍ የዚህ ውጤት ነው።

ፕሮባዮቲክ የሚሠራው ከሞላ ጎደል አንጀት ላይ ነው። ጠቃሚዎቹ ተሕዋስያን ቦታና ምግብ ይሻማሉ፣ ለጎጂዎቹ የማይመች አሲድ ያመርታሉ፣ መኖውን የሚፈጩ ኢንዛይሞች ይጨምራሉ፣ የመከላከያ ሕዋሳትንም ያነቃሉ። ከጭንቀት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ማስረጃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት ላክቶባሲለስ የተባለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ የተመገቡ የአውሮፓ የባሕር ዓሳ ጫጩቶች ኮርቲሶላቸው ካልተመገቡት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት በሌላ የባሕር ዓሳ ላይ የተደረገ ሙከራ ደግሞ የውሃው አሲድነት በድንገት ሲለወጥ ከተመጋቢዎቹ የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። እኛ በምናረባው በቆሮሶ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሜክሲኮ ተመራማሪዎች ጥናት በመጨናነቅና በፕሮቲን እጥረት ለተጨነቁ ጫጩቶች ሁለት ባክቴሪያዎችንና እርሾን አወዳድሮ የተሻለውን ዕድገት ያገኘው ከእርሾው ነው። ወደ እርሾው በኋላ እመለሳለሁ።

እነዚህ ጥናቶች የሚናገሩት ጉዳትን ስለመቀነስ ነው። ማለዳ ላይ የኩሬው ኦክስጅን በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድና ዓሳው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲጎርስ ምንም ዓይነት ዱቄት ኦክስጅን አይሆንለትም።

የጅማ ጭንቀት መቼ ይመጣል?

ምርጫው ከወቅቱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከዚህ መጀመር ይገባል። በክረምት ደመናው ይረዝማል፣ ውሃው ይቀዘቅዛል፣ ጎርፍ ጭቃ ይዞ ይገባል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ደግሞ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ሥራ ላይ ናቸው፤ ከእሸት ቡና የሚወጣው ፍሳሽ አሲዳማ ነው፣ በውስጡ የሚበሰብሰው ነገርም ብዙ ስለሆነ ወንዝ ውስጥ ሲገባ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ከማጠቢያ በታች ካለ ወንዝ ውሃ የሚያስገባ አርቢ በእነዚህ ወራት መግቢያውን መዝጋትና የነበረውን ውሃ ይዞ መቆየት አለበት፤ ይህ ደግሞ ኩሬውን ያጨናንቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ለቆሮሶ የሚስማማው ሙቀት ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ከ20 በታች መብላት ይቀንሳል፤ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ዙሪያ የማለዳ ውሃ ከዚህ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ሁሉ ላይ ጫጩት ማጓጓዝ፣ በመጠን መለየትና መረብ መጎተት ይጨመራል።

መልካሙ ነገር አብዛኞቹ ቀናቸው የሚታወቅ መሆኑ ነው። ፕሮባዮቲክ በአንጀት ውስጥ ለዘለቄታው አይሰፍርም፤ መስጠቱ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ከመስጠት ይልቅ ከሚታወቀው ጭንቀት ከ3 እስከ 4 ሳምንት አስቀድሞ ጀምሮ ከጭንቀቱ በኋላ 2 ሳምንት ያህል ማስቀጠል ለአነስተኛ አርቢ የተሻለ አካሄድ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ አካሄድ ወጪውንም በብዙ ይቀንሳል።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምመዝነው በአምስት ነገሮች ነው። የመጀመሪያውና ከሁሉም የሚበልጠው ተሕዋሱ ከፋብሪካ እስከ ዓሳው አንጀት በሕይወት ይደርሳል ወይ የሚለው ነው፤ በመንገድ ላይ ሙቀት፣ በመደብር ፀሐይ፣ በቤት እርጥበትና የመብራት መቋረጥ፣ በመኖ ዝግጅት ደግሞ የማሽን ግለት ይጠብቁታል። ሁለተኛው በቀዝቃዛ ውሃ የመሥራት አቅሙ ነው። ሦስተኛው ማሸጊያው የሚናገረው ነገር ነው፤ የተሕዋሱ ሙሉ ስም፣ በአንድ ግራም ውስጥ ያለው ሕያው ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና የአቀማመጥ ሙቀት ካልተጻፈበት አይገዛም። አራተኛው ለአንድ ኪሎ መኖ የሚወጣው እውነተኛ ዋጋ ነው። አምስተኛው ደኅንነት ነው።

በሦስተኛው ላይ ጥብቅ የሆንኩት ከደረሰብኝ ነገር የተነሳ ነው። በአንድ ወቅት ከትልቅ ጆንያ ተቀንሶ በተራ ፌስታል የታሰረ ዱቄት «ከውጭ የመጣ ነው» ተብዬ ገዛሁ። ሻጩ ፌስታሉን ያወረደው ከሰዓት ፀሐይ ከሚገባበት የመስኮት ደፍ ላይ ነበር። ለ1 ወር ሰጠሁ፤ ከጎኑ ምንም ካልተሰጠው ኩሬ ጋር አንዳች ልዩነት አላየሁም። ዱቄቱ የሞተ ይሁን መጀመሪያውኑም ፕሮባዮቲክ ያልሆነ፣ ያለ ስምና ያለ ቁጥር የማጣራበት መንገድ አልነበረኝም።

ዋጋን በተመለከተ በግራም ማወዳደር ያሳስታል። በጥናቶች በብዛት የሚሠራበት መጠን ለአንድ ግራም መኖ ከ1 ሚሊዮን እስከ 1 ቢሊዮን ሕያው ሕዋስ ነው፤ ለመነሻ 10 ሚሊዮንን እንያዝ። ለአንድ ኪሎ መኖ 10 ቢሊዮን ያስፈልጋል ማለት ነው። ማሸጊያው በግራም 1 ቢሊዮን የሚል ከሆነ በኪሎ መኖ 10 ግራም፣ 10 ቢሊዮን የሚል ከሆነ 1 ግራም፣ 100 ሚሊዮን ብቻ የሚል ከሆነ ግን 100 ግራም መጨመር ያስፈልጋል። የመጨረሻው ርካሽ መስሎ ከሁሉም የሚወደድ ነው።

ባሲለስ፦ ጠንካራው ዱቄት

ባሲለስ ሰብቲሊስና ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ በገበያ ላይ ከሚገኙት የባክቴሪያ ዱቄቶች ዋነኞቹ ናቸው። ልዩ የሚያደርጋቸው ክፉ ጊዜ ሲመጣ ስፖር የተባለ ወፍራም ቅርፊት ያለው፣ እንደ ደረቀ ዘር ተኝቶ የሚቆይ አካል መሥራታቸው ነው። ስፖሩ ድርቀትን፣ የሆድ አሲድንና መኖ በማሽን ተጨምቆ በፍሬ መልክ ሲጠፈጠፍ የሚፈጠረውን 80 ዲግሪ የሚደርስ ግለት ይችላል። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ደረቅና ጥላ ያለበት ቦታ ይበቃዋል። መብራት ለሚቆራረጥበትና ከአዲስ አበባ ዕቃ በአውቶቡስ ተጭኖ ለሚመጣበት ቦታ ይህ ጠባይ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። በተጨማሪም ባሲለስ ፕሮቲንና ስታርችን የሚፈጩ ኢንዛይሞችን በብዛት ስለሚያመርት በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ለሚያረቡ ሰዎች መኖው ይበልጥ እንዲፈጭ ያግዛል።

ድክመቱ ከቅዝቃዜ ጋር የተያያዘ ነው። ስፖሩ አንጀት ውስጥ ገብቶ መንቃትና መባዛት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የሚወደው ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። የዓሳ አካል ሙቀት የውሃው ሙቀት ስለሆነ በ20 ዲግሪ ኩሬ ውስጥ ሥራው ይዘገያል። ስለዚህ ባሲለስን ለኅዳር ብርድ የሚሰጥ ሰው ውሃው ገና ሞቅ እያለ፣ በጥቅምት መጀመሪያ ቢጀምር ይሻላል። ከባሲለስ ወገን ባሲለስ ሴሪየስ ለሰው የምግብ መመረዝ የሚያመጡ ዝርያዎች ስላሉት «ባሲለስ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ማሸጊያ አይበቃም፤ ሙሉ ስሙ መነበብ አለበት።

የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች፦ ውጤታቸው የታወቀ፣ አያያዛቸው ከባድ

ላክቶባሲለስ ፕላንታረም፣ ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ፣ ፔዲዮኮከስ አሲዲላክቲሲና ኢንትሮኮከስ ፌሲየም በዚህ ወገን ይመደባሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው የኮርቲሶልና የአሲድነት ለውጥ ሙከራዎች የተሠሩት በላክቶባሲለስ ነው፤ ራምኖሰስም በተጨናነቁ የቆሮሶ ጫጩቶች ላይ ተሞክሯል። በማስረጃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቅድሚያውን ለእነዚህ እሰጥ ነበር።

ነገር ግን ስፖር አይሠሩም። ከ60 ዲግሪ በላይ አብዛኞቹ ይሞታሉ፤ ስለዚህ በማሽን ከተጠፈጠፈ በኋላ እንጂ ከመጠፍጠፉ በፊት ከመኖው ጋር መቀላቀል የለባቸውም። ዱቄታቸው እርጥበት ሲነካው ቁጥሩ በፍጥነት ይወርዳል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ እርጥበቱ ግድግዳ የሚያሻግት ነው። አብዛኞቹ 4 ዲግሪ አካባቢ መቀመጥ አለባቸው። የማይቋረጥ ማቀዝቀዣ ለሌለው ሰው ይህን ምርት መግዛት ገንዘብን ውሃ ላይ መጣል ነው። ኢንትሮኮከስን በተመለከተ አንዳንድ ዝርያዎቹ መድኃኒት የመቋቋም ባሕርይን ወደ ሌላ ባክቴሪያ ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ የታወቀና የተመረመረ ዝርያ መሆኑ ካልተረጋገጠ መተው ይሻላል።

እርሾ፦ ከሱቅ የሚገኘው

እዚህ ላይ በቃሉ ምክንያት ግራ መጋባት ይኖራል። «እርሾ» ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንጠራለን፤ አንዱ በየሱቁ በታሸገ ጥቅል የሚሸጠው የዳቦ እርሾ ሲሆን ሌላው እናቶቻችን ከቡሖው ላይ ቀድተው ለሚቀጥለው እንጀራ የሚያቆዩት ነው። የመጀመሪያው ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የተባለ አንድ ተሕዋስ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የብዙ እርሾዎችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ድብልቅ ነው። በዚህ ክፍል የምናገረው ስለ መጀመሪያው ነው።

የዳቦ እርሾ ለአነስተኛ አርቢ ከሁሉም የተሻለ መነሻ ነው የሚል አቋም አለኝ፤ ምክንያቶቼም እነዚህ ናቸው። በጅማ መርካቶም ሆነ በአጋሮና በሰቃ ሱቆች ይገኛል። ለምግብ የተሠራ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ቀን አለው። በሕይወት መኖሩን ማንም ሰው ቤቱ ሊያረጋግጥ ይችላል፤ በግማሽ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ ቢጨመር ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ አረፋው ወደ ላይ ይነሳል፤ ካልተነሳ እርሾው ሞቷል። በሌላ በኩል ቢሞት እንኳ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይሆንም፤ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ቤታ ግሉካንና ማናን የተባሉ ነገሮች የዓሳውን የመከላከያ ሕዋሳት ስለሚያነቁ ከሞት በኋላም ጥቅማቸው ይቀጥላል። ባክቴሪያን ለመግደል የሚሰጡ መድኃኒቶች እርሾን አይነኩም፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን በታዘዘበት ወቅት ባሲለስንም ሆነ ላክቶባሲለስን መስጠት ትርጉም ሲያጣ እርሾ ግን ሊቀጥል ይችላል።

መጠኑም ትንሽ ነው። በግብፅ በቆሮሶ ጫጩቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ለአንድ ኪሎ መኖ ከ1 እስከ 5 ግራም የሚደርስ ሕያው የዳቦ እርሾ ጥሩ ዕድገት እንዳስገኘና ጫጩቶቹ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላን የመቋቋም አቅማቸው እንደተሻሻለ አሳይቷል። 10 በ20 ሜትር የሆነ ኩሬ በካሬ ሜትር 2 ዓሳ ቢይዝ 400 ዓሳ ይሆናል። አማካይ ክብደታቸው 100 ግራም ሲደርስ ጠቅላላው 40 ኪሎ ነው፤ በቀን የክብደታቸውን 3 ከመቶ ቢበሉ 1.2 ኪሎ፣ በወር 36 ኪሎ መኖ ያስፈልጋል። በኪሎ 3 ግራም እርሾ ቢገባበት በወር 108 ግራም ብቻ ነው። አሁን ሱቅ ሄደው ዋጋውን ይጠይቁና ከባክቴሪያው ዱቄት ጋር ያወዳድሩት።

የእርሾ ጉድለት የሕዋሱ ግድግዳ ወፍራም መሆኑና ለጫጩት መፈጨቱ ማስቸገሩ ነው። ስለዚህ ከመጠኑ አለማለፍ ያስፈልጋል፤ ብዙ መጨመር ብዙ ጥቅም አያመጣም።

ቤት ውስጥ የሚዘጋጁት፦ እርጎ፣ የእንጀራ እርሾ፣ አተላ

በደንብ የረጋ እርጎና አሬራ በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ የበለጸጉ ናቸው። ብዙ ሰዎች «ታዲያ ለምን ዱቄት እንገዛለን?» ይላሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ችግሩ በውስጡ የትኛው ዝርያ እንዳለ፣ ከዓሳ አንጀት ጋር ይስማማ እንደሆነና ዛሬ ያለው ቁጥር ነገ ይኖር እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ወተቱ ንጽሕና ከጎደለውና ገና በደንብ ካልኮመጠጠ የሰገራ ባክቴሪያም አብሮ ይኖራል። ከዚህም ሌላ ልጆች የሚጠጡትን ለዓሳ መስጠት የሚያዋጣው የተረፈ ካለ ብቻ ነው። የተረፈ አሬራ ያለው ሰው በኪሎ መኖ ግማሽ ብርጭቆ ያህል አርከፍክፎ በዚያው ቀን ቢሰጥ ጉዳት የለውም፤ ለማግሥቱ ማሳደር ግን ሻጋታን መጋበዝ ነው።

የእንጀራ እርሾም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። አተላን በተመለከተ ብዙዎች የማይለዩት አንድ ነጥብ አለ፤ የጠላ አተላ ውስጥ ሕያው እርሾ ሊኖር ይችላል፣ የአረቄ አተላ ግን እሳት ላይ ተፈልቶ የወጣ ስለሆነ በውስጡ ሕያው ነገር የለም። ሁለቱም መኖ ናቸው፤ የአረቄው ፕሮባዮቲክ ሊባል አይችልም።

ውሃ ላይ የሚጨመሩ ድብልቆች

በፈሳሽ መልክ የሚሸጡ፣ በሞላሰስ የሚራቡና ኩሬው ላይ የሚረጩ ድብልቆች አሉ። ሥራቸው በዋናነት የታችኛውን ደለል ማበስበስና ውሃውን ማሻሻል ነው። ወራጅ ውሃ ባለበት ኩሬና በኬጅ (ውሃ ውስጥ በተዘረጋ የመረብ ቤት) ለሚረባ ዓሳ ታጥበው ስለሚሄዱ አይመከሩም። ሞላሰሱ ሲበዛ ደግሞ ተሕዋስያኑ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱ ልንከላከለው የፈለግነውን ጭንቀት እኛው እንፈጥረዋለን።

ምንም አለመጨመር

ይህም አማራጭ ነው፤ በቁም ነገር መመዘን አለበት። በካሬ ሜትር 5 ዓሳ ለያዘና አየር መንፊያ ለሌለው ሰው ከማንኛውም ዱቄት በፊት የሚጠቅመው ቁጥሩን ወደ 2 ማውረድ ነው። ጫጩት ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት መኖ ማቆም፣ በማጓጓዣው ውሃ በሊትር ከ3 እስከ 5 ግራም ጨው መጨመር፣ ጅማ ሲደረስ የታሰረውን ላስቲክ ሳይፈቱ ኩሬው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማንሳፈፍና ከዚያ የኩሬውን ውሃ በጥቂቱ እየቀላቀሉ ዓሳው በራሱ እንዲወጣ መተው፣ እነዚህ ሁሉ ዋጋቸው ከጨው አይበልጥም። ፕሮባዮቲክ የሚገዛው እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ነው። አምባዛ ብቻ የሚያረባ ሰው ደግሞ ዓሳው ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ከኦክስጅን እጥረት ያለው ሥጋት ያነሰ ነው፤ ከወጪው በፊት የሚያጓጉዝበትንና በመጠን የሚለይበትን መንገድ ቢያስተካክል ይሻለዋል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | በሕይወት የመድረስ ዕድል | አቀማመጥ | የቅዝቃዜ ጠባይ | ለመኖ ማሽን ግለት | የወጪ ደረጃ | ዋና ሥጋት |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ባሲለስ | ከፍተኛ | ደረቅና ጥላ | ይዘገያል | ይችላል | መካከለኛ | ስሙ ያልተሟላ ምርት |
| ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ | ዝቅተኛ፣ ማቀዝቀዣ ካለ መካከለኛ | 4 ዲግሪ አካባቢ | መካከለኛ | አይችልም | ከፍተኛ | በመንገድና በመደብር መሞት |
| የዳቦ እርሾ | መካከለኛ፣ ቤት ውስጥ የሚፈተሽ | ደረቅ፣ ከተከፈተ ታሽጎ | መካከለኛ | ሕያውነቱን ያጣል፣ ግድግዳው ይጠቅማል | ዝቅተኛ | ከመጠን በላይ መስጠት |
| አሬራና የእንጀራ እርሾ | የሚለዋወጥ | በዕለቱ | የሚለዋወጥ | አይችልም | ዝቅተኛ | ንጽሕናና ሻጋታ |
| ውሃ ላይ የሚረጭ | መካከለኛ | እንደ ምርቱ | ይዘገያል | አይመለከተውም | መካከለኛ | የኦክስጅን መቀነስ |
| ያለ ተጨማሪ፣ በአያያዝ ብቻ | አይመለከተውም | አይመለከተውም | አይመለከተውም | አይመለከተውም | በጣም ዝቅተኛ | የለም |

ለማን የትኛው?

ለቤቱ የሚሆን አንድ ኩሬ ያለው ሰው አያያዙን አስተካክሎ የዳቦ እርሾን ከክረምት መግቢያ በፊትና ከቡና ማጠቢያ ወቅት በፊት ቢሰጥ ይበቃዋል። ባክቴሪያ መግዛት አያስፈልገውም።

በማኅበር ተደራጅተው ሦስትና አራት ኩሬ ያላቸው፣ መኖውንም ራሳቸው በሥጋ መፍጫ ማሽን የሚጠፈጥፉ ወጣቶች ባሲለስን ቢመርጡ የተሻለ ይሆናል፤ አንድ ትልቅ የታሸገ ጥቅል በጋራ ገዝተው፣ ወዲያው በትንንሽ አየር በማያስገባ ዕቃ ከፋፍለው፣ በእያንዳንዱ ላይ ስሙንና ቀኑን ጽፈው ቢያስቀምጡ ይቆይላቸዋል።

ጫጩት የሚያፈላና ለሌሎች የሚያከፋፍል ሰው ሁኔታው ይለያል። እርሱ የሚሸጠው ዓሳ ከእጁ በወጣ ዕለት ከባዱን ጭንቀት ይጀምራል፤ የእርሱ አያያዝ የብዙ አርቢዎችን ኪሳራ ይወስናል። የማይቋረጥ ማቀዝቀዣ ካለው ላክቶባሲለስን ከማጓጓዙ በፊት 4 ሳምንት ቢሰጥ ወጪውን የሚመልስለት ይመስለኛል። ማቀዝቀዣው የማያስተማምን ከሆነ ባሲለስና እርሾን አንድ ላይ መስጠት ይችላል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

አሰጣጡ

ጥሩ ምርት በአሰጣጥ ይበላሻል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ተሕዋስያኑን ይገድላል፤ ስለዚህ ውሃው በክፍት ባልዲ ማደር አለበት። ለአንድ ኪሎ የተጠፈጠፈ መኖ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ያደረ ውሃ ይወሰድና ዱቄቱ በውስጡ ይበጠበጣል። መኖው ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ ብጥብጡ በእጅ እየተረጨ ይገላበጣል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ርሶ ግን ሳይለጠፍ ሲቀር መጠኑ ደርሷል። ከዚያ አንድ ማንኪያ የኑግ ዘይት ቢረጭበት ፍሬውን ስለሚሸፍነው መኖው ውሃ ውስጥ ሲወድቅ ተሕዋሱ ቶሎ አይታጠብም። ግማሽ ሰዓት በጥላ ካደረቁት በኋላ በዚያው ቀን ይሰጣል፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት የተደከመበትን ሁሉ ያጠፋል። መኖውን በዱቄት መልኩ የሚበትን አርቢ አብዛኛውን ፕሮባዮቲክ ለውሃው ይሰጠዋልና አስቀድሞ መጠፍጠፍን መልመድ አለበት።

መጀመሪያ የሚሞክር ሰው ሁለት ኩሬ ካለው ለአንዱ ብቻ ይስጥ፤ በሁለቱም ውስጥ የዓሳው ብዛት፣ መኖውና ውሃው አንድ ዓይነት ይሁን። በየማለዳው ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ ከላይ ወጥተው አየር የሚጎርሱትን፣ የሞቱትን፣ ከመኖው የተረፈውንና የውሃውን ሙቀት በደብተር ይመዝግብ። መረብ ከተጎተተ በኋላ ደግሞ በሁለቱ ኩሬዎች ያሉት ዓሳዎች በስንተኛው ቀን ወደ መኖ እንደተመለሱ ይጻፍ፤ ጭንቀትን ለመቋቋማቸው ያለ ላቦራቶሪ ሊታይ ከሚችለው ምልክት ሁሉ እኔ የማምነው ይህን ነው።